አጥር የተከተለው ሰው

አንድ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። በሬዎቹ የሰቡ፣ ጎተራው የሞላ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። በአገሩ የታወቀው ግን በሀብቱ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ባለመግባቱ ነው።

አይመጣም አላልኩም። ይመጣል፤ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። እሁድ ጠዋት ኩታውን አጣፍቶ ከቤቱ ይወጣና ከቅጽሩ በር ውጭ፣ ከወይራው ዛፍ ሥር ይቆማል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ፣ ኩታውን እስከ ዓይኑ ስቦ ይቆይና ሕዝቡ ሲወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አጥሩን አልፎ ግን አንድ እግሩን እንኳ አያስገባም። ለምን እንደማይገባ የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው።

«እግዚአብሔር ቅዱስ ነው። እኔ ደግሞ አፈር ነኝ። ምን አለኝና ነው ደጁን የምረግጠው?»

ይህን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ «የጓንጉልን ፍርሃት ያድልህ» ይሉ ጀመር። የደብሩ ቄስ መምሬ ቸኮል ሳይቀሩ አንድ እሁድ በስብከታቸው መካከል እጃቸውን ወደ ወይራው ዘርግተው «የእግዚአብሔርን ቅድስና ማወቅ ከፈለጋችሁ ያንን ሰው እዩ» ብለዋል። መምሬ ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ በነገር ቸኩለው አያውቁም። ያን ቀን ግን ቸኩለው ነበር፤ በኋላ ራሳቸውም ይህን አምነዋል።

አሁን ስለ ድንጋዩ ልንገራችሁ።

ከወይራው ዛፍ ወረድ ብሎ አንድ አሮጌ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ በታች የሁለት ሰዎች ማሳ ጎን ለጎን ይገኛል፤ በግራ የጓንጉል፣ በቀኝ የይመኙሻል። ይመኙሻል ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ጋር የቀረች ሴት ናት። በሁለቱ ማሳ መካከል የድንበር ድንጋይ ተተክሏል። ባሏ በሕይወት ሳለ ድንጋዩ ከአንዲት የግራዋ ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ድንጋዩም በእግሩ ሄደ። በየክረምቱ አንድ ትልም፣ ሲመች ሁለት። ጓንጉል አንድም ጊዜ ብዙ አልወሰደም፤ ብዙ የሚወስድ ሰው ይነቃበታል። የሄደው መሬት ደግሞ ጥቁሩ፣ ውኃ የሚይዘው፣ ዘር የማያሳፍረው ነበር። ለይመኙሻል የቀረላት ጭንጫው ነው፤ ከጭንጫ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው በልቶ አያድርም።

ይመኙሻል ለሽማግሌዎች አመለከተች። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ልጄ፣ የምትዪው ስለ የትኛው ጓንጉል ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ስለዚያ የእግዚአብሔርን ደጅ ለመርገጥ እንኳ ስለሚፈራው ነው? እንዲህ ያለ ሰው ድንበር ይገፋል?»

«እንግዲያው ይማልልኝ» አለች። «እንደ አገሩ ደንብ ቅጽሩ ውስጥ ይግባና መሬቱ የኔ ነው ብሎ ይማል። ከማለ አፌን እዘጋለሁ።»

ያለችው ትክክል ነበር። በዚያ አገር ምስክር የሌለው ክርክር የሚያልቀው በመሐላ ነው። መሐላው የሚፈጸመው ደግሞ ቅጽር ውስጥ ተገብቶ፣ ጫማ ወልቆ፣ ፊት ወደ መቅደሱ ዞሮ ነው። አልምልም ያለ ሰው እንደ ተረታ ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ ጓንጉልን ጠርተው ይህንኑ ነገሩት። ጓንጉል መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦

«ለቁራሽ መሬት ብዬ ያልበቃሁበትን ስፍራ ልድፈር? እኔ አላደርገውም።»

የሽማግሌዎቹ ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሰው በዘመናቸው አላዩም። ሌላው ሰው አልምልም ቢል ይረታል፤ ጓንጉል ግን አልምልም ብሎ ረታ። መሬቱ የሱ ነው ተባለ።

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችና ይመኙሻል ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

የተመሰገነ ነገር ተከታይ አያጣም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወይራው ሥር ሌሎች ሰዎችም መቆም ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነበሩ፤ ኋላ ግን የመንደሩ ደህና ደህና አባወራ ሁሉ «እኛም አልበቃንም» እያለ ወጣ። መቆም ሲሰለች አጎዛ መጣ። አጎዛ ሲመጣ መቀመጫ ተለየ። መቀመጫ ሲለይ የማዕረግ ነገር ተነሣ፤ ከበሩ የራቀ የበለጠ ትሑት ነውና ሰው ለኋላ ወንበር ይጋፋ ጀመር። «አንተ የመጣኸው ትናንት ነው፣ ወደ በሩ ጠጋ በል» እየተባባሉ ሲጣሉ ተሰምተዋል። የኋለኞቹ ጨርሶ ቅዳሴው ስለማይሰማቸው ስለ በሬ ዋጋ ያወራሉ፤ ሰው ሲወጣ ሲያዩ ተነሥተው ያማትባሉ። ውስጥ የቀሩት ሴቶች፣ ድሆችና ሕፃናት ነበሩ። ከነሱም መካከል ይመኙሻል አለች።

በልግ ሲገባ ይመኙሻል መምሬ ቸኮል ዘንድ ለመሰናበት መጣች። ልጇን ይዛ ቆላ ልትወርድ ነው። እዚያ አንድ የሩቅ ዘመድ አለ፤ ልጇን ሰው ቤት ለሥራ ሊያስገባላት፣ እሷም የሰው እርሻ ልታርም። መምሬ አዘኑ። ባረኳት፤ ግን አልሄደችም።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ጓንጉል የሚፈራው እግዚአብሔርና እኔ የምለምነው እግዚአብሔር አንድ ናቸው?»

መምሬ ወዲያው «አንድ ነው እንጂ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጥያቄው ከበዳቸው። በስብከታቸው እጃቸውን ወደ ወይራው የዘረጉበት ቀን ትዝ አላቸው፤ ያ እጅ የዚህችን ሴት መሬት ለሌላ ሰው የሰጠ መሰላቸውና አፈሩ።

«እስከ ጰራቅሊጦስ ቆዪልኝ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ከሄድሽም መርቄ እሸኝሻለሁ። እስከዚያ ግን አትነቅነቂ። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቤተ ክርስቲያን አጥሯን ወደ ታች ብትገፋና ያንቺ በሆነው መሬት ላይ ብታጥር ትፈቅጂያለሽ?»

«የኔ በሆነው ነው ወይስ የኔ በነበረው?»

«ያንቺ በሆነው» አሉ መምሬ።

«ፈቅጃለሁ» አለች፤ ምን እንዳሰቡ ግን አልገባትም።

በዚያው ሳምንት መምሬ የደብሩን ሰዎች ሰብስበው «ምእመኑ ከአጥር ውጭ ከቆመ አጥሩ ጠቧል ማለት ነው፤ እናስፋው» አሏቸው። የሚያጣላ ነገር አልነበረውም። አጥሩ የእሾህ አጥር ነው። ቅዳሜ ተነቅሎ ከወይራው በታች ታጠረ፤ ዛፉም አጎዛውም የማዕረግ ወንበሩም ሁሉ ከቅጽሩ ውስጥ ገባ።

እሁድ ጠዋት ትሑታኑ መጥተው ቦታቸው ውስጥ ገብቶ ሲያገኙት ግራ ተጋቡ። አብዛኞቹ አጎዛቸውን ተሸክመው ሌላ ቦታ ከመፈለግ ብለው እዚያው ጫማቸውን አውልቀው ቀሩ። እዚያ ከቀሩ ወዲያ ደግሞ ቅዳሴው ተሰማቸውና ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ አሉ። ጓንጉል ግን አጥሩን አይቶ «ክብር ለስሙ ይሁን» አለና ወርዶ ከአሮጌው ካብ ዘንድ ቆመ። ሰው ሁሉ ይበልጥ ተደነቀበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጥሩ እስከ ካቡ ወረደ። ጓንጉል በማግሥቱ መጥቶ ሲያየው አሁንም ወደ ኋላ ሸሸ። ከካቡ በታች ያለው ማሳ ነው። ሰው ሲሸሽ የሚሸሸው ወደ ራሱ ነገር ነውና ጓንጉልም ከካቡ ወርዶ የኔ ነው በሚለው በጥቁሩ መሬት ጫፍ ላይ ቆመ። እዚያ ማንም አይገፋኝም ብሎ አሰበ። አንገቱን ደፋ፣ ኩታውን እስከ ዓይኑ ሳበ።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እዚያ ይቆም ነበር፤ የጰራቅሊጦስ እሁድም እዚያው ቆመ። የዚያን ቀን መምሬ ለጎልማሶቹ አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ጎልማሶቹ እሾሁን ተሸክመው በግራና በቀኝ ዞረው ወረዱና ከጓንጉል ጀርባ ቀስ አድርገው አጠሩ። እጅግ ያጎነበሰ ሰው ዙሪያውን አያይም። ጓንጉል ቀና ሲል መምሬ ቸኮልና ሕዝቡ ከፊቱ ቆመዋል፤ ዞር ሲል እሾህ ነው።

«መምሬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለ። ድምፁ የወይራው ሥር ድምፅ አልነበረም። «በመሬቴ ላይ ማን ፈቅዶ ነው አጥር የሚታጠረው? ድንበር እየገፉብኝ ነው።»

«አስፈቅጃለሁ» አሉ መምሬ።

«እኔ መቼ ተጠየቅሁ?»

«የጠየቅሁት ይመኙሻልን ነው።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያት። ይመኙሻል ከሴቶቹ መካከል ልጇን ይዛ ቆማ ነበር።

«መሬቱ የኔ ነው» አለ ጓንጉል። «ሽማግሌ ፈርዶልኛል።»

«እንግዲያውስ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ መምሬ፣ እንደ ልማዳቸው ሳይቸኩሉ። «ሽማግሌዎቹ ማል ሲሉህ ቅጽሩን ለመርገጥ አልበቃሁም ብለህ ነበር። አሁን መግባት አያስፈልግህም ልጄ፤ ገብተሃል። የቆምክበት ቅጽር ነው። ጫማህን አውልቅ፣ ፊትህን ወደ መቅደሱ አዙር፣ መሬቱ የኔ ነው ብለህ ማል። ከማልክ አጥሩን ዛሬውኑ አስነሥቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ጓንጉል ወደ እሾሁ ተመለከተ። «ምነው መምሬ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልሂድ?»

«እኔም ያሰብኩት እሱን ነው» አሉ። «እግዚአብሔር የሌለበት መቆሚያ ታገኝ እንደሆነ ብዬ ስከተልህ ከረምኩ። በየእሁዱ ሦስት ጊዜ ቅዱስ ብለን፣ ሰማይም ምድርም በክብሩ ሞልተዋል እንላለን። አንተ ርቀህ ስለቆምክ አልሰማኸው ይሆናል እንጂ፣ ምድር ስንል ይህ ማሳም አለበት።»

ጓንጉል አጎነበሰ። አንዱን ጫማ አወለቀ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ቆይቶም አወለቀው። አፈሩ ላይ ባዶ እግሩን ቆመና ወደ መቅደሱ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጓንጉልን መበደል ይሆንብኛል። የለየለት ውሸታም ቢሆን ኖሮ ገና ያኔ ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት ገብቶ፣ ምሎ፣ በልቶ ይተኛ ነበር። ጓንጉል እግዚአብሔር ቅዱስ መሆኑን ከልቡ ያምናል። ያን ሁሉ ዘመን ከደጅ ያስቆመው ይኸው እምነቱ ነው። ከገባ እንደማይምል ያውቃል፤ ካልማለ መሬቱ ይሄዳል። ስለዚህ አልገባም። ይህን ያህል አስቦ የኖረ ሰው ነው።

«አልምልም» አለ በመጨረሻ። «ድንጋዩን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተራቸውን መሬት መሬት አዩ።

በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ጓንጉል ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የድንበሩን ድንጋይ ከተተከለበት ነቀለና በአንገቱ ተሸከመ። ከባድ ነበር፤ ያኔ ትልም በትልም ሲገፋው እንዲህ እንደሚከብድ አላወቀም። ተሸክሞ ይመኙሻል ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ።

«በእግዚአብሔር ስም ይቅር በይኝ» አለና ድንጋዩን ሊያወርደው ሲል ይመኙሻል ከለከለችው።

«ገና ነው አያ ጓንጉል። አልደረስክም። ተከተለኝ።»

ፊት ፊቱ ሄደች። እሱ ጫማ በሌለው እግሩ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ተከተላት። ትንሽ ሄዶ ሊያወርድ ይላል፤ ሳትዞር «አልደረስክም» ትለዋለች። ደግሞ ይሄዳል። እንዲህ እያለች ያን ጥቁር መሬት ከዳር እስከ ዳር አሻግራ ባሏ ድንጋዩን ከተከለበት ግራዋ ሥር አደረሰችው።

«እዚህ ነው» አለች።

አወረደው። ይመኙሻል ድንጋዩን በእግሯ ገፋ አድርጋ መርጋቱን አየች። ልጇንም አስጠግታ አሳየቻት። ሰው ሁሉ ምን ትል ይሆን እያለ ይጠብቃል፤ እሷ አልቸኮለችም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ሰኞ ዕለት አጥሩ ከማሳው ላይ ተነሣና ይመኙሻል መሬቷን አሳረሰች። ቆላ አልወረደችም። መምሬ ወይራውን ግን ከቅጽሩ ውስጥ ተዉት። በሚቀጥለው እሁድ በስብከታቸው መጀመሪያ ይመኙሻልን በስሟ ጠርተው በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ጥያቄዋንም መለሱላት። «አንድ ነው ልጄ። ጓንጉል የሸሸው አንቺ የለመንሽውን ነው» አሏት። ጓንጉል በዚያን እሁድ ገብቶ ነበር። ከሰው ኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ አስቀደሰ። ማንም ዞሮ አላየውም፤ ማንም አላመሰገነውም። ሲወጣ ፊቱ ሸክም የቀለለለት ሰው ፊት ይመስል ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ደጅ ቆሞ የሚያስቀድስ ሁሉ ጓንጉል አይደለም። ደጅ ቆመው ከልባቸው የሚያለቅሱ አሉ፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፣ እኛ አንፍረድባቸው። ግን የእግዚአብሔርን ቅድስና በርቀት ብቻ የምናከብር ሰዎች ራሳችንን እንጠይቅ። ቅዱስ ማለት የተለየ ማለት ነው ተብለን ተምረናል፤ እውነት ነው። የተለየ ማለት ግን የራቀ ማለት አይደለም። እሱ ከኛ የሚለየው ውሸት ስለሌለበት፣ ግፍ ስለማይስማማው፣ የድሃ ትልም ስለማይጠፋበት ነው። እኛ ስንቀርበው አይረክስም። ቆሻሻችን እሱን የሚያሰጋው ይመስል «አልበቃሁም» እንላለን፤ የሚያሰጋን ግን ስንቀርበው «የወሰዳችሁትን መልሱ» የምንባለው ነገር መኖሩ ነው። ሩቅ ያለ ቅድስና ምንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ይመቻል፣ ያስመሰግናልም። የቀረበ ቅድስና ድንጋይ ያሸክማል። ግን ድንጋዩን የሚያስወርደውም እሱ ነው፤ ርቆ የቆመ ሰው ተሸክሞት ይኖራል እንጂ የትም አያወርደውም።

ይህን ያነበበ ሰው ለሌላው ከማካፈሉ በፊት ለራሱ አንድ ጥያቄ ይመልስ። እግዚአብሔር ቅዱስ ነው እያልን ወደ ኋላ ስንሸሽ፣ የቆምንበት መሬት የማን ነው?